የአሰላ ብርሃን እንዴት ያለ ጉድ ነው!

ፊልም ለመሥራት መብራት የለንም የምትሉ ሁሉ ስሙኝ! በር አላችሁ? አንድ የሚከፈት በር ካላችሁ መብራት አላችሁ። ጄነሬተር አይፈልግም፣ ኪራይ አይጠየቅበትም፣ ገመድ አይጎተትለትም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ካሜራ ይዤ የአርሲ ደጋን ብርሃን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ አፌን ከፍቼ ነው የምውለው፤ ያየሁትን ለሰው ሳልነግር ማደርም አልቻልኩም።

አክስቴ ቤት ልውሰዳችሁ። ከአሰላ ወጣ ብሎ ያለ ክብ የሣር ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ፣ ዓመታት የጨሰ ጭስ አጥቁሮታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በአንዱ በር ብቻ ነው። አክስቴ ምጣድ ጥደው ገብስ ይቆላሉ። ፀሐዩ ከጣራው ወዲያ በኩል ስለሆነ በሩ ላይ በቀጥታ አይወድቅም፤ የሚገባው ከሰማዩና ከተጠረገው የግቢ መሬት ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ነው። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርጩማቸውን ማዞር።

መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይቀመጣሉ። ብርሃኑ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን እኩል ይሞላዋል። ለመታወቂያ ፎቶ የሚሆን ነው፤ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ግን የሚነገር ታሪክ የለበትም። «እቴቴ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ምጣዱ ዞር ይበሉልኝ» እላለሁ። ዞር ይላሉ። ያኔ ነው ጉዱ! ለበሩ የቀረበው ጉንጫቸው ይበራል፤ የአፍንጫቸው ጥላ በወዲያኛው ጉንጭ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ በጨለመው ጉንጭ ላይ፣ ልክ ከዓይናቸው ሥር፣ አንዲት ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ይህቺ ሦስት ማዕዘን በዓለም ያለ የመብራት ባለሙያ ሁሉ የሚያሳድዳት ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በሥዕሎቹ ስላሳያት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። እዚህ ግን አርሲ ውስጥ፣ ገብስ በሚቆሉ እናት ጉንጭ ላይ፣ ያለ ማንም ድካም ቁጭ ብላለች!

በርጩማው እንደገና ትንሽ ሲዞር ፊታቸው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በርቶ ግማሹ ይጠፋል፤ አንድ ነገር የደበቁ ይመስላሉ። ጀርባቸውን ለበሩ ሲሰጡ ደግሞ ፊታቸው ጨልሞ በሻሻቸው ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይሮጣል። አንዲት ሴት፣ አንድ በር፣ አንድ በርጩማ፤ አራት የተለያዩ ትዕይንቶች! ይህ ሁሉ ሲሆን ከምጣዱ የሚነሣው ጭስ በበሩ ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ ብርሃኑ ራሱ ይታያል። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ይህን ለማግኘት የጭስ ማሽን ይከራያሉ። «ልጄ፣ ስንቴ ታዞረኛለህ? ገብሱ አረረብኝ እኮ!» ይላሉ አክስቴ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ማን ያቁም?

ለምን እንዲህ ያምራል? ምሥጢሩ የብርሃኑ ምንጭ ስፋት ነው። ለሚበራለት ሰው ሰፊ ሆኖ የሚታይ ምንጭ ለስላሳ ጥላ ይሰጣል፤ ጠባብ ምንጭ ቆርጦ የሚጥል ጥላ ይሰጣል። ፀሐይ ግዙፍ ናት፤ ከዚህ ስትታይ ግን ከሰማዩ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ ጥላዋ ስለታም ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ግን የብርሃኑ ምንጭ ከራሱ ይበልጥበታል። በርጩማውን ወደ ቤቱ ጥግ አርቁት፤ ያው በር ጠባብ ምንጭ ይሆናል፣ ጥላው ይከርራል፣ ትዕይንቱ ይጨልማል። ጥቁሩ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ የገባውን ብርሃን ስለሚውጠው የጨለመው ጉንጭ ጨልሞ ይቀራል። በጣም ጨለመ ካላችሁ በዚያ በኩል ነጭ ነጠላ ስቀሉ። ነጠላው ብርሃኑን መልሶ ይልካል፣ ጥላው ይከፈታል፣ ዓይን ውስጥ ያለው ነገር ይታያል። ሪፍሌክተር የሚባለው ዕቃ ከዚህ የተለየ ምንም አይሠራም።

የኛ መልክ ደግሞ ለዚህ ብርሃን የተፈጠረ ነው! ጥቁር ሰው በካሜራ አይወጣም ይባል የነበረበት ዘመን ነበር። ጥፋቱ የመልካችን አልነበረም። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት ፎቶ አጣቢዎች ቀለም እንዲያስተካክሉበት የሚልከው ናሙና «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ ልኩ በእሷ ቆዳ ተለካ። ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው ከሁሉ በላይ በላዩ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው፤ ስለዚህ ኃይለኛ ሳይሆን ሰፊ ብርሃን ይፈልጋል። በሩ በአክስቴ ጉንጭ አጥንት ላይ ሲያንጸባርቅ የፊታቸው ቅርጽ አንድ በአንድ ይነበባል። ይህንን በዓለም ደረጃ ካስመሰከሩት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው፤ «አራይቫል» በተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር የታጨው የካሜራ ባለሙያ። የተማረው የት መሰላችሁ? ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ክፍል ውስጥ! ኃይሌ እኮ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ያወጣ ሰው ነው። የገበሬ ፊትን በፀሐይ ብርሃን ማንበብ እንደሚቻል ያኔውኑ አሳይቶናል።

እኩለ ቀን ላይስ? እኩለ ቀን ላይ አሰላ ጨካኝ ናት፤ እሱን አልደብቅም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ ብዙም ሳይበተን ይወርዳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጥላው ይከርራል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆንን በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ 6 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይጋርደዋል፤ ተዋናይ እያለቀሰም እንባው አይታይም። መፍትሔው ግን ሁለት እርምጃ ነው! ተዋናዩን ከቆርቆሮው ክፍክፍ ሥር አስገቡት። ከላይ የሚመጣው ይቀራል፤ ከፊት ለፊት የፈካው ግቢ ብርሃኑን ከሥር ወደ ላይ ይመልስለታል፤ ዓይኑ ይበራል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ይህም አያስፈልግም። ደመናው የጭላሎን ተራራ ሸፍኖ በከተማዋ ላይ ሲተኛ ሰማዩ በሙሉ አንድ መብራት ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ከየትኛውም አቅጣጫ ቅረጹ፣ ጥላው አይጣላችሁም። ዝናብ ነው ብሎ ቀረጻ የሚሰርዝ ሰው ይገርመኛል። ካሜራውን ከዝናብ መጠበቅ ነው እንጂ ብርሃኑን ማን ይተወዋል!

በጠራራ ፀሐይ የሠራ የአገራችን የካሜራ ባለሙያ ካስፈለጋችሁ አብርሃም ኃይሌ ብሩ አለ፤ የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» እና «ዳራት» የቀረጸው እሱ ነው። «ዳራት» እ.ኤ.አ. በ2006 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ግድግዳ ሥር ያለች ጥላ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማየት እነዚያን ሁለት ፊልሞች ድምፃቸውን አጥፍታችሁ እዩ።

ወደ ሌንስ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከሁሉ በፊት ሌንስ የሌለበትን ካሜራ ሁላችሁም አይታችኋል። የቆርቆሮ ቤት ጣራ ላይ ምስማር ትቶት የሄደ ቀዳዳ አለ አይደል? በዚያ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ የሚያርፈው ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ ያ ክብ የፀሐይዋ ምስል ነው! ደመና በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ወለሉ ላይ ባለው ክብ ውስጥ ደመናው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄድ ታያላችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በተጋረደች ጠዋት፣ ሰማዩ በጠራበት ሁሉ፣ በየቀዳዳውና በየዛፉ ጥላ ሥር ክቦቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው ነበር። ኢብን አል ሃይሠም የተባለው ሊቅ ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ሆኖ የጻፈው ስለዚሁ ነገር ነው። ቀዳዳውን ብታሰፉት ብርሃን ይበዛል፣ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። ሌንስ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው፤ በሰፊ ቀዳዳ ብዙ ብርሃን እያስገባ ምስሉን መልሶ አንድ ቦታ ላይ ይሰበስበዋል።

ከሌንሶች ሁሉ እኔን ያሳበደችኝ ፊፍቲዋ ናት። 50 ሚሊ ሜትር፣ ዙም የሌላት፣ ትንሽ፣ ቀላል፣ ከአዲስ ሌንሶች መካከል በዋጋ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ። ዙም ስለሌላት መቅረብ የፈለገ ሰው በእግሩ ይቀርባል፤ ሲቀርብ ደግሞ ያናግራል፣ ሲያናግር ሰውየው ካሜራውን ይረሳል። ቀዳዳዋ እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። እሱ ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት የሰው ዓይን ላይ ፎከስ ብታደርጉ ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር ጥልቀት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የአክስቴ ዓይን ጠርቶ ጆሯቸው መደብዘዝ ይጀምራል፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ፣ ማሰሮ፣ የተሰቀለ ኮርቻ ሁሉ ወደ ቀለም ይቀየራል። ወደ 8 ዝጉት፤ ጥልቀቱ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፣ ማሰሮውም መልኩን ያወጣል፤ የሚገባው ብርሃን ግን ወደ 20 እጥፍ ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ ቀዳዳውን ምን ያህል ልክፈት የሚለው ጥያቄ ቤታቸው ከነዕቃው ይታይ ወይስ እሳቸው ብቻ ይታዩ የሚል ጥያቄ ይሆናል። እሱን የሚመልሰው ታሪኩ ነው።

አሁን ደግሞ ጭላሎን በስምንት እጥፍ እናሳድገው! ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ተራራ ከአሰላ በስተምሥራቅ ነው። አንድ ፈረሰኛ ጋቢውን ደርቦ መንገድ ዳር ይቁም፤ ፈረሰኛ በአርሲ አይታጣም። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሦስት ሜትር ያህል ቀርባችሁ ቅረጹት። ፈረሰኛው ገዝፎ ይታያል፤ ጭላሎ ግን ከኋላው ትንሽ ጉብታ ይሆናል። ከዚያ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጉና ፈረሰኛው በፍሬሙ ውስጥ የቀድሞ መጠኑን እስኪይዝ ወደ ኋላ ሂዱ፤ 25 ሜትር ገደማ ትርቃላችሁ። ሰውየውም ፈረሱም ልክ እንደ ቅድሙ ናቸው፤ ተራራው ግን ስምንት እጥፍ አድጎ ከትከሻው ላይ ቆሟል! ተራራውን ያመጣው ሌንሱ ብቻ አይደለም፤ እግራችሁ ነው። ከፈረሰኛው ስትርቁ በእሱና በእናንተ መካከል ያለው ርቀት በስምንት እጥፍ አደገ፤ ኪሎ ሜትሮች ለሚርቀው ጭላሎ ግን 22 ሜትር ምኑም አይደለም። ቅርበትን የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ምን ያህሉ ተቆርጦ እንደሚታይ ነው። ይህ የገባኝ ቀን ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ስሄድ ዋልኩ።

በረጅም ሌንስ ወደ ካሜራው የሚሮጥ ሰው ደግሞ እየሮጠ የማይደርስ ይመስላል፤ እግሩ ይነሣል፣ ላቡ ይታያል፣ ርቀቱ አያልቅም። ሯጭ በሚበቅልበት አገር ይህ ስንት ነገር ይናገራል! በቆጂን በ2012 እ.ኤ.አ. «ታውን ኦፍ ራነርስ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ጄሪ ሮዝዌል ለዓለም አሳይቷታል። የእኛ ልጆችስ መች ነው የራሳቸውን የሚያሳዩት?

ስለ ማታው ትንሽ ልበል። አምፖል ሥር ስትቀርጹ ምስሉ ብልጭ ብልጭ ካለባችሁ የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዑደት ስለሚሠራ ነው፤ ፍሬሙን በሴኮንድ 25፣ ሻተሩን 1/50 አድርጉትና ይረጋጋል። መብራት ከጠፋ ግን ደስ ይበላችሁ! ኩራዝ አብሩ። የኩራዝ ብርሃን ወደ 1,900 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የቀን ብርሃን 5,600 ነው፤ ካሜራውን ለቀን ብርሃን እንደተስተካከለ ተዉት፣ ፊቱ ሁሉ ወርቅ ይለብሳል። ከኩራዙ አንድ ሜትር የነበረ ሰው ወደ ሁለት ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ስለሚሆን ተዋናይ በአንድ እርምጃ ከብርሃን ወደ ጨለማ ይሻገራል። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 «ባሪ ሊንደን» ላይ የሻማ ትዕይንቶቹን ለመቅረጽ ለናሳ የተሠራ 0.7 የሚከፈት የዛይስ ሌንስ ነበር ያስመጣው። ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደነበር ታውቃላችሁ? 50! እሱ ያን ሁሉ የደከመበትን ዛሬ ርካሿ ፊፍቲና ተራ የዘመኑ ካሜራ አክስቴ ቤት ውስጥ ያደርጉታል።

የሁሉንም ቁንጮ ግን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። አሰላ የተሠራችበት ቦታ ራሱ ለፊልም የታቀደ ይመስላል። ጠዋት፣ በተለይ በበጋ፣ ፀሐይ የምትወጣው ከጭላሎ በኩል ነው። ሰማዩ ነግቶ፣ ከተማው ግን ገና በተራራው ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ የተራራውን ትከሻ እስክታልፍ ጥላ አልባ ለስላሳ ብርሃን በነፃ ይሰጣችኋል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ ዝዋይ ሐይቅ ከአሰላ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይተኛል። የመጨረሻውን ጨረር የሚጋርድ ተራራ በቅርብ ስለሌለ ብርሃኑ የሸለቆውን አቧራ አቋርጦ፣ ቀልቶ፣ አግድም መጥቶ ከተማዋን ይመታል፤ ጠዋት ጥቁር የነበረው ጭላሎ በፊት ለፊት ብርሃን ይፈካል!

ጊዜው ግን አጭር ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ 24 ደቂቃ ያህል ብቻ አላችሁ። ከጠለቀች በኋላም ለሥራ የሚበቃ ብርሃን የሚቆየው ያንኑ ያህል ነው። ዳይሬክተሩ ቴረንስ ማሊክ «ዴይስ ኦፍ ሄቨን»ን በአብዛኛው የሠራው በዚሁ ሰዓት ነው። በካናዳ የስንዴ ማሳዎች ውስጥ፣ ምሽቱ ከኛ በሚረዝምበት አገር፣ ኔስቶር አልሜንድሮስ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሚቀረው ብርሃን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1978 ለወጣው ፊልም በካሜራ ሥራው ኦስካር ወሰደ። አሁን ያዙኝ! ይኸው ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውንና የኃይሌ ገብረሥላሴን የአርሲ ልጅነት የሚተርከውን «ኢንዱራንስ» ካዘጋጁት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ሌስሊ ዉድሄድ ነው፤ ኃይሌ ራሱን ሆኖ፣ ዘመዶቹም የቤተሰቡን ሰዎች ሆነው ተጫውተዋል። በዓለም ላይ በስንዴና በምሽት ብርሃን የሚታወቀው ሰው ያዘጋጀው ፊልም ወደ ስንዴ አገራችን መጣ! ይህን ሳውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአርሲ በወጣ እውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተመሠረተውን «ድፍረት»ንም ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዶበታል። ታሪኩም እዚህ ነው፣ ብርሃኑም እዚህ ነው።

ስለዚህ ኅዳር ላይ ኑ። ስንዴው ይደርሳል፤ ኮምባይነሩ ማሳው ላይ ሳይወጣ ባለ ማሳውን አስፈቅዱ። ፊፍቲ ያዙ፣ ትርፍ ባትሪም አትርሱ፤ የደጋው ብርድ ባትሪ ይበላል። 11 ሰዓት ላይ ተዋናዩን ቦታው ላይ አቁሙት፤ ፊቱን ወደ ዝዋይ፣ ጀርባውን ወደ ጭላሎ። ፎከሱን ለኩ፣ እርምጃውን አለማምዱት፣ ነጭ ነጠላ ይዞ የሚቆም ልጅ አዘጋጁ። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቅረጹ፤ 12 ሰዓት አለፍ እስኪል አታቁሙ።